ኤስ 100፦ በወደብ ሐዲድ ላይ የተፈተነ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ

በባቡር ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚያቀያይር ሎኮሞቲቭ በፍጥነቱ አይመዘንም። ይነሣል፣ ጥቂት ይገፋል፣ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። የሚፈለግበት ከቆመበት ሲነሣ ያለው ጉልበት፣ በጠባብ ኩርባ መታጠፉና ለነጂው ፊቱንም ኋላውንም ማሳየቱ ነው። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሠራው ኤስ 100 በእነዚህ ሁሉ ጥሩ ማሽን ነው። ደካማ ጎኑ ምድጃው ነው።

ንድፉን ያወጣው ኮሎኔል ሃዋርድ ሂል ሲሆን፣ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዴቨንፖርት፣ ፖርተርና ቩልካን የተባሉ ፋብሪካዎች 382 ሠርተዋል። ስድስቱም ጎማዎች በእንፋሎቱ የሚነዱ ናቸው። ክብደት ብቻ የሚሸከም ተጨማሪ ጎማ ስለሌለው፣ ያለው ክብደት ሁሉ ሐዲዱን ለመቆንጠጥ ይውላል። የጎማው ዲያሜትር 1.37 ሜትር፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን የሚገፋበት የሲሊንደሩ ዲያሜትር 419 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 610 ሚሊሜትር፣ ውሃው የሚፈላበት የቦይለሩ ግፊት 14.5 ባር ነው። ከዚህ የሚገኘው የመነሻ ጉልበት 9.8 ቶን ገደማ ይሆናል።

አሁን ክብደቱን እንየው። ውሃና ከሰል ሞልቶ 47 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ለጉልበቱ ሲካፈል 4.8 ይመጣል። ይህ ቁጥር ከ4 ሲወርድ ጎማው ባለበት መሽከርከር ይቀናዋል። ውሃው የሚያዘው በራሱ በሎኮሞቲቩ ጎን ባሉ ታንኮች ስለሆነ፣ ሥራው በቀጠለ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል። ግን 4.5 ቶን ውሃውና 1.3 ቶን ከሰሉ ተሟጦ ቢያልቅ እንኳ ስሌቱ 4.2 ላይ ይቆማል። ኮሎኔሉን የሚያስመሰግነው ይህ ጥንቃቄ ነው። በአንጻሩ የአሜሪካ መንግሥት በ1918 ያወጣው ባለ ስድስት ጎማ የግቢ ሎኮሞቲቭ የመነሻ ጉልበቱ 17.7 ቶን ነው፤ ነገር ግን ብቻውን 74 ቶን ይመዝናል፣ ውሃና ከሰሉንም በተለየ ጋሪ ይጎትታል። ለሰፊ ግቢ እሱ ይሻላል፣ ለወደብ ግን አይሆንም።

ለወደብ የሚሆነው ኤስ 100 ነው። ከፊተኛው አክስል (የጎማ ዘንግ) እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት 3.05 ሜትር ብቻ ስለሆነ በመጋዘኖች መካከል ባለ ኩርባ ያልፋል። ለሲሊንደሩ እንፋሎት የሚከፍተውና የሚዘጋው የቫልቭ ማንቀሳቀሻ በውጭ በኩል ስለተሠራም ሠራተኛው ከሥር ሳይገባ ዘይት ያጠጣዋል። ለረጅም መስመር ግን አይመከርም፤ አጭር የአክስል ርቀትና ከጎማዎቹ ወደፊትና ወደኋላ የወጣ አካል በፍጥነት ላይ ያንገጫግጫል።

የእንግሊዙ የባቡር ኩባንያ ሳውዘርን ሬልዌይ ከጦርነቱ በኋላ ለጦሩ ትርፍ የሆኑትን ገዝቶ 14 ሎኮሞቲቮችን በሳውዝሃምፕተን ወደብ አሠማራ። ከመጀመሪያው ማስተካከያ አስፈልጓቸዋል፤ የነጂው ክፍል መስኮቶች ተቀየሩ፣ የከሰል ማስቀመጫው ሰፋ። ዋናው ችግር ቆይቶ መጣ። እንግሊዞች የለመዱት የመዳብ ምድጃ ነበር፤ የእነዚህ ብረት ነው። ብረት ርካሽ ቢሆንም መጥፎ ውሃ አይችልም። ጨዋማ ደለል በውሃው በኩል ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ውሃው ስለማያልፍ የምድጃው የብረት ሳህን ከልክ በላይ ይግላል፤ እሳቱ ቶሎ ሲወርድ ደግሞ በድንገት ይኮማተራል፣ በማያያዣ ብሎኖቹ ዙሪያም ይሰነጠቃል። በ1951 አካባቢ ምድጃቸው መቀየር ነበረበት። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውሃውን ማከም፣ ቦይለሩን በየጊዜው ማጠብ፣ ከሥራ በኋላ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው። በጋለ ምድጃ ላይ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መልቀቅ ያበላሸዋል።

ነጂው የማይረሳው ሌላም ነገር አለ። ሎኮሞቲቩ ቆሞ ሲቆይ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጣል። ውሃ አይታመቅም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የሲሊንደሩ ማፍሰሻዎች ይከፈታሉ፣ ነጭ ጭስ መሳዩ ውሃ እስኪወጣ ቀስ ተብሎ ይኬዳል፣ ከዚያ ይዘጋሉ። ሳይከፍት የተጣደፈ ነጂ የሲሊንደር ክዳን ያፈነዳል። ሥራው መቆምና መነሣት ለሆነ ማሽን ይህ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደገም ነው።

በ1962 ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ወደቡን ተረከቡ። ናፍጣው ጠዋት ለሰዓታት እሳት አያስነድድም፣ ቆሞም ከሰል አይበላም፤ በዚህ በኩል ኤስ 100 መወዳደር አይችልም ነበር። ከ14ቱ 4 ተርፈዋል፤ ሁለቱ በኬንትና ኢስት ሰሴክስ የቅርስ ባቡር ዘንድ ናቸው። ለማየት የሄደ ሰው ቀለሙን ትቶ የምድጃውን ብሎኖች ዙሪያ ይመልከት፤ ነጭ የጨው ጭረት ካለ ውሃ እያንጠባጠበ ነው።