ደሴ ላይ ሮክ የሚቀርጽ ሰው ለምትፈልጉ፦ ምስጋናም ጥቆማም

አራት ዘፈን የያዘችው አጭር አልበማችን ወጥታለች። ላጋራችሁ፣ «ይሄ ጩኸት ምንድነው?» እያላችሁም ቢሆን እስከ መጨረሻው ላዳመጣችሁ ሁሉ ምስጋናችን ትልቅ ነው። አሳታሚ የለንም፣ ወጪው ሁሉ ከኪሳችን ነው። ዛሬ የጻፍኩት ግን ሰኞ ገበያ አካባቢ እቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቶ የቀረጸንን ልጅ ለማመስገን ነው። ስሜ አይነሳ ስላለ አላነሳውም።

የኛ ሙዚቃ ለድምፅ ባለሙያ አይመችም። ጊታሩ ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የተሻከረ ድምፅ)፣ ዜማው አምባሰል ቅኝት፣ በዚያ ላይ ማሲንቆ አለ። አምባሰል ላይ ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ኖታ በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ሁለቱ በዲስቶርሽን አንድ ላይ ሲመቱ ይታመሳል። ቀድሞ የሄድንበት ስቱዲዮ ቅኝቱን ቀይሩ ብሎ «ባቲ ማይነር አድርጉትና ገላገሉን» አለን። እውነት ነው፣ የባቲ ማይነርና ሮኮች የሚወዱት ባለ አምስት ኖታ ስኬል፣ ማይነር ፔንታቶኒክ፣ ኖታቸው አንድ ነው፣ ይቀላል። ባቲም የኛው ነው፣ አልጠላነውም። ግን ዘፈኑ አምባሰል ሆኖ ነው የተወለደው!

ይሄ ልጅ ሰምቶ ሲጨርስ «አብሽሩ፣ ቅኝቱ ምንም አላደረገም፤ ጌኑን ነው ያበዛችሁት» አለን። ጌን ማለት ዲስቶርሽኑን የሚያበዛው የአምፑ (የጊታር ድምፅ ማጉያው) ማስተካከያ ነው፤ እሱን ከግማሽ በታች አወረደው። ጊታሩን የእያንዳንዱን ኮርድ መነሻና ከሱ በሦስት ተኩል ድምፅ ከፍ የሚለውን ኖታ (አምስተኛ የሚሉትን) ብቻ አስመታን፤ በአምባሰል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኖታዎች ላይ ይሄ ከቅኝቱ ሳይወጣ ይሄዳል። ያንኑ ሁለቴ አስመትቶ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ሲያደርገው ጌኑ ቀንሶ ድምፁ ገዘፈ። መሀሉን ለዘፋኛችንና ለማሲንቆው ለቀቀላቸው። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚያወጣውን ሻካራ ድምፅ ሌላ ቦታ «ኖይዝ ነው» ብለው አጥፍተውብን ነበር፤ እሱ ይባስ ብሎ ማይኩን አስጠጋለት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልዋሽም። ድራሙ ከገባ ሰው መቆሚያ ያጣል። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ አትጠብቁ፣ የተሰቀለው የእናቱ ባና ነው፤ ድምፁን ግን በደንብ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በባትሪ ስለሚቀጥል የተቀረጸ ነገር አልጠፋብንም። እስኪመጣ እናቱ ቡና ያፈሉልናል (ድራሙን እንዴት እንደቻሉት አላህ ይወቅ)።

ማስተር ላይ (ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ያለው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ማለት ነው) «ይጩህልን» ብለን ጨቀጨቅነው። ስፖቲፋይ የጮኸውን ዘፈን ወደ −14 ላፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ዝግ ያለውንና የጮኸውን አቀራርቦ፣ ጨፍልቆ ማስጮህ ድራሙን ከመግደል በቀር ትርፍ የለውም። ይሄን በወሬ አላስረዳንም፣ የራሳችንን ዘፈን በሁለቱም መንገድ ሠርቶ እኩል ከፍታ ላይ አስደመጠን። ሳንነጋገር ያልተጨፈለቀውን መረጥን።

የሚያስከፍለው በዘፈን ነው እንጂ በሰዓት አይደለም፤ «ድገመው» ለማለት አትሳቀቁም። ሲጨርስም ጥሬ ፋይሉን በሙሉ በፍላሽ አስረከበን። ይሄ ምን ይገርማል የሚል ካለ፣ ፋይላቸው ተይዞባቸው ሁለተኛ የከፈሉ ልጆችን ይጠይቅ።

ወንድማችን፣ እድሜ ይስጥህ፤ እናትህንም ያቆይልህ።

ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ ባንዶች፣ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን ሞክሩት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጊታራችሁ ላይ አዲስ ክር ግጠሙ፤ የዛገ ክር ይዞ ለመጣ ሰው ማይክ አይከፍትም።