የታሸገ ቦክስ፣ ያልተፋቀ ሪደምፕሽን ወይስ ያለቀ ካርድ፦ ደብረ ብርሃን ሆናችሁ የቱን ብትገዙ ይሻላል?

ለገና ወይ ለፋሲካ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና "አንድ ቦክስ የኳስ ካርድ ያዝልኝ" ልትሉት ካሰባችሁ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት፣ ምክንያቱም ቦክሱ ውስጥ ፊርማ ያለበት ካርድ ጠብቃችሁ ሪደምፕሽን የምትባል ወረቀት ልታገኙ ትችላላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን የተጫዋች ፎቶ ያለበትን ካርድ የምንሰበስብ በጣት የምንቆጠር ነን፣ ሸዋሮቢትም መሀል ሜዳም አንዳንድ ልጆች አሉ፣ በቴሌግራም ነው የምንገናኘው፣ እና ሰሞኑን ከሁሉም የምሰማው እሮሮ ይሄው የሪደምፕሽን ነገር ነው።

ለማያቀው ሰው፣ ሪደምፕሽን ማለት ካርዱ ፓኬት ውስጥ መግባት በነበረበት ሰአት ተጫዋቹ ገና ስላልፈረመ በሱ ቦታ የገባ ምትክ ነው። ፊቷ ላይ የተጫዋቹ ስምና የካርዱ አይነት ተጽፏል፣ ጀርባዋ ላይ ኮድ አለ፣ ኮዱን እንደ ሞባይል ካርድ ትፍቁትና ኩባንያው ዌብሳይት ላይ አካውንት ከፍታችሁ ታስገባላችሁ፣ ከዛ በኋላ መጠበቅ ነው። ተጫዋቹ ሲፈርም ይላክላችኋል። መቼ ይፈርማል? እሱን ማንም አይነግራችሁም፣ ወራት ሊሆን ይችላል፣ ከአመት በላይም የሚሄድ አለ፣ ጭራሽ ሳይፈርም የሚቀርም አለ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ ፊርማ ያለበትን ካርድ ፓኬት ውስጥ ከትቶ መሸጥ የጀመረው አፐር ዴክ የሚባለው የካርድ ኩባንያ ነው፣ በፈረንጆቹ 1990 የቤዝቦሉ ሬጂ ጃክሰን 2,500 ካርድ ፈርሞ ፓኬቶቹ ውስጥ ተበተነ። ያኔ የፈረመው አንድ ሰው ነው። አሁን ግን አብሮ በሚወጣ አንድ የካርድ ስብስብ ውስጥ የብዙ ተጫዋች ፊርማ አለ፣ ሁሉም በየአገሩ በየክለቡ ነው፣ ጨዋታ አላቸው ጉዞ አላቸው ጉዳት አላቸው፣ ካርዱ ደግሞ የሚወጣበት ቀን ተቆርጧል፣ ስለዚህ ያልደረሰው ሁሉ በሪደምፕሽን ይገባል። እዚህ ላይ ልታቁት የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ፊርማ ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ስቲከር ነው፣ ተጫዋቹ ሉህ ሙሉ ስቲከር ላይ ቀድሞ ይፈርምና ኩባንያው አስቀምጦት በፈለገው ጊዜ ካርዱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሌላው ራሱ ካርዱ ላይ በእጁ የፈረመው ነው። ሁለተኛው ያምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ግን ካርዱ ከታተመ በኋላ ተጫዋቹ ጋር ተልኮ ተፈርሞ መመለስ ስላለበት የሚዘገየው በብዛት እሱ ነው። ስለዚህ ውዱንና ቆንጆውን ቦክስ በመረጣችሁ ቁጥር ሪደምፕሽን የማግኘት እድላችሁም አብሮ ይጨምራል፣ ሰው ይሄን ሳያቅ ነው "ከፍ ያለውን ልግዛ" የሚለው።

እሺ አሁን ወደ ምርጫው።

የታሸገ ቦክስ ስትገዙ ሆቢ ቦክስና ብላስተር የሚባሉ አሉ። ሆቢው በካርድ ሱቅ የሚሸጠው ውዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ "በቦክስ አንድ ፊርማ አለ" ተብሎ ይሸጣል። ብላስተሩ ትልልቅ መደብር ውስጥ የሚገኘው ርካሹ ነው፣ ፊርማ ሊወጣው ይችላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቃል አይገባም። ያ ቃል የተገባው አንድ ፊርማ ሪደምፕሽን ሆኖ ቢወጣ ኩባንያው ቃሉን እንደጠበቀ ነው የሚቆጠረው! እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሙሉውን ዋጋ ቀድመን ከፍለናል፣ ሻጩም ኩባንያውም ገንዘባቸውን ተቀብለው ጨርሰዋል፣ የሚጠብቀው ገዢው ብቻ ነው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምን እንደሆነ ታቃላችሁ፣ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 አልፎ ሄዷል፣ ያው ቦክሱ የሚሸጠው በዶላር ነው፣ አሜሪካ ላለ ልጅ የቅዳሜ መዝናኛ የሆነው ነገር ለኛ የወር ደሞዝ የሚነካ ነው። በዚህ ዋጋ ገዝቶ ወረቀት ማግኘት ያማል።

ከዛ ደግሞ አድራሻው አለ። ፎርሙ የመንገድ ስምና ዚፕ ኮድ ይጠይቃችኋል፣ እዚህ እኛ የምንጠቀመው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገው የዘመድ አድራሻ መስጠት ነው። ካርዱ ከአመት በኋላ ሲላክ ዘመድየው ቤት ቀይሮ ይሆናል፣ ወይ ፖስታውን ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል፣ ደርሶት ቢቀመጥ እንኳ ወደዚህ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሌላ ጥበቃ ነው። አንድ እዚሁ ከተማ ያለ ወዳጄ እንዲህ ሲጠብቅ ከርሞ መጨረሻ ላይ የሌላ ተጫዋች ካርድ ነው የተላከለት፣ እሱ የፈለገው የአርሰናል ልጅ ነበር፣ የመጣለትን ተጫዋች ስሙን እንኳ አያቀውም። ይሄ ደግሞ ህጋዊ ነው፣ ኩባንያዎቹ ተመጣጣኝ ዋጋ ባለው ሌላ ካርድ የመተካት መብት እንዳላቸው ቀድመው ይጽፋሉ፣ ተመጣጣኝ የሚለውን የሚወስኑት ግን ራሳቸው ናቸው። ለነጋዴ ዋጋው ከተመጣጠነ ይበቃው ይሆናል፣ ለደጋፊ ግን ተጫዋች በተጫዋች አይተካም።

የቆየ ቦክስስ? አዲስ አበባ አንዳንዴ የድሮ ሲዝን ቦክስ "ሳይከፈት የቆየ" ተብሎ ይሸጣል፣ እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ። ሪደምፕሽን የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ቀኑ የተጻፈው ደግሞ ወረቀቷ ላይ ነው፣ ከውጪ አይታይም። አምስት ስድስት አመት የቆየ ቦክስ ከፍታችሁ የምታገኟት ወረቀት ጊዜዋ ያለፈ ልትሆን ትችላለች፣ ካለፈ ኩባንያው ምንም ግዴታ የለበትም። የቆየ ቦክስ ለመሰረታዊ ካርዶቹና ለሩኪዎቹ፣ ማለት ለተጫዋቾች የመጀመሪያ አመት ካርድ ከሆነ ይገዛል፣ ለፊርማ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ሌላ ሰው ቦክስ ከፍቶ ያገኘውን ያልተፋቀ ሪደምፕሽን መግዛት ነው። ከተፈረመው ካርድ ረከስ ይላል፣ መርከሱም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የምትገዙት ተስፋ ነው። የሸዋሮቢቱ ልጅ ባለፈው "ጋሼ ይሄኛው በግማሽ ዋጋ ነው ልግዛው?" ብሎ ጽፎልኝ ነበር፣ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ተፍቋል ወይ ብዬ ነው። የተፋቀ ከሆነ አትንኩት በቃ፣ ኮዱን ሰውየው አስገብቶት ይሆናል፣ ፎቶ አንስቶትም ይሆናል፣ ኮድ አንዴ ከገባ ወረቀቷ ዋጋ የላትም። ቀጥሎ ተጫዋቹ በዛው አመት በሌሎች የካርድ ስብስቦች ላይ ፊርማው እየወጣ ነው ወይ የሚለውን ኢቤይ ላይ እዩ፣ የሚፈርም ሰው ከሆነ በየቦታው ታገኙታላችሁ፣ የትም ሪደምፕሽን ብቻ ከሆነ ግን ያስፈራል። ኢቤይ ላይ ስትገዙ ደግሞ የገዢ ዋስትናው እቃው ከደረሰ 30 ቀን ነው፣ ሪደምፕሽኑ የሚፈጀው ከዛ ብዙ ይበልጣል፣ ስለዚህ ችግሩ በሚታወቅበት ሰአት ዋስትናው ካበቃ ቆይቷል። ቴሌግራም ላይማ ጭራሽ ዋስትና የሚባል የለም፣ በቴሌብር ከላካችሁ ልካችኋል።

ሌላም ነገር አለ፣ የወጣት ተጫዋች ካርድ ዋጋው እንደ አቋሙ ነው። ዛሬ ሁሉም ስሙን የሚጠራው ልጅ ካርዱ እስኪደርስ ተጎድቶ ወይ ተቀማጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ካርዱ በእጁ ያለ ሰው በጊዜው ይሸጣል፣ እናንተ ግን ኮድ ይዛችሁ ዋጋው ሲወርድ ታያላችሁ። ለመሸጥ አስባችሁ ከሆነ ይሄን መንገድ ጨርሶ አልመክርም። ለመያዝ ከሆነ፣ ተጫዋቹን ከወደዳችሁትና ትእግስቱ ካላችሁ፣ ባልተፋቀ ኮድና በሚታመን ሻጭ ሊሆን ይችላል።

ሶስተኛው ያለቀ፣ የተፈረመ ካርድ ራሱን ብቻውን መግዛት ነው፣ ሲንግል የሚባለው። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣ በተለይ ለኛ። ፓኬት የመክፈት ደስታው የለውም እውነት ነው፣ እሱን አልክድም፣ ግን የከፈላችሁበትን ነገር በአይናችሁ አይታችሁ ነው የምትገዙት፣ ተጫዋቹም እናንተ የመረጣችሁት ነው፣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ሲመጣ ነገሩ ያልቃል። የምታዩት ጀርባውን ነው፣ ከፓኬት የወጣ ፊርማ ጀርባው ላይ ኩባንያው ፊርማው ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ጽሁፍ ያትማል። ጽሁፉ ከሌለ ሰው በኋላ ያስፈረመው ወይ ራሱ የሞነጫጨረው ሊሆን ይችላል። የታተመ ፊርማም አለ፣ ካርዱ ሲሰራ ጀምሮ በማተሚያ የገባ ፊርማ፣ እሱን "የተፈረመ" ብለው የሚሸጡ አሉና ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩት፣ የብእር ቀለም ከህትመቱ በላይ ይታያል። ፒኤስኤ በሚባለው ካርድ መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ድረገጻቸው ላይ ማጣራት ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ ክሮም የሚባለውን የሚያብረቀርቅ ካርድ የእርጥበት ለውጥ ያጎብጠዋል፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋሮቢት ሙቀት የሚገባ ካርድ ፕላስቲኩ ውስጥ በደንብ ካልተያዘ ሊጎብጥ ይችላል፣ በአካል ስትገዛዙ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ አስቀምጣችሁ እዩት።

ሌሎች መንገዶችም አሉ፣ የቶፕስ ኩባንያ ቶፕስ ናው ለምሳሌ በፈረንጆቹ 2016 የተጀመረ ነው፣ ትልቅ ጨዋታ ወይ ክስተት ሲኖር ካርዱ ለአጭር ጊዜ ብቻ ለሽያጭ ይወጣና በታዘዘው ልክ ይታተማል፣ የትኛውን ካርድ እንደምትገዙ ታቃላችሁ፣ ፊርማ ካልፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ብሬክ የሚባለው ላይ፣ ሰውየው ቦክሱን በቀጥታ ቪድዮ ሲከፍት እናንተ የአንድ ክለብ ድርሻ የምትገዙበት ማለት ነው፣ ሪደምፕሽን ቢወጣ ኮዱን ማን እንደሚያስገባው ቀድማችሁ በጽሁፍ ተስማሙ።

ኩባንያዎቹን ማወዳደር ለምትፈልጉ፣ ቶፕስ ከፈረንጆቹ ጥር 2022 ጀምሮ የፋናቲክስ፣ የአሜሪካው የስፖርት እቃ ኩባንያ ነው፣ ሻምፒዮንስ ሊግ እሱ ጋ ነው፣ ከ2025/26 ሲዝን ወዲህ ደግሞ ፕሪሚየር ሊግም ኤንቢኤም ወደሱ መጥቷል። ከዛ በፊት ለጥቂት አመታት የፕሪሚየር ሊግ ካርድ የፓኒኒ ነበር፣ ስለዚህ የአርሰናል ወይ የማንቼ ያለፉ ሲዝኖች ቦክስ ስትገዙ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የፓኒኒ ሪደምፕሽን ነው፣ የሊጉን ካርድ የማተም ፈቃዱ ከእጁ የወጣ ኩባንያ የቀረውን ፊርማ ለመሰብሰብ ምን ያህል ይሯሯጣል የሚለው እኔን ያሳስበኛል። ፓኒኒ ለዘገየ ሪደምፕሽን ነጥብ ሰጥቶ በነጥቡ ሌላ ካርድ የማስመረጥ አሰራር ሲጠቀም ቆይቷል፣ ለአንዳንዱ ይመቸው ይሆናል፣ ግን ያው የፈለጋችሁትን ተጫዋች አይመልስላችሁም። አፐር ዴክ በዋናነት የሆኪ ነው፣ የማይክል ጆርዳንን ፊርማ ለሚፈልግ ካልሆነ እኛ ጋ ብዙም አይነሳም።

ሪደምፕሽን አሁን እጃችሁ ላይ ያለ ደግሞ ቀኑን በትክክል አንብቡት። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ 04/07/2027 የሚል ካያችሁ ሚያዝያ 7 በፈረንጅ ነው፣ በኛ መጋቢት 29 ቀን 2019። በፈረንጅ ሐምሌ 4 መስሏችሁ በኛ እስከ ሰኔ 27 አለኝ ብትሉ ሶስት ወር ገደማ ዘግይታችኋል ማለት ነው። ኮዱን ዛሬውኑ ከዚሁ በስልካችሁ አስገቡት፣ ወረቀቷ ወደ አሜሪካ መመለስ የለባትም፣ አድራሻውን ብቻ ቶሎ ቤት የማይቀይር ሰው አድራሻ አድርጉት፣ ለእህትም ለአክስትም ቢሆን "በዚህ ስም ትንሽ ፖስታ ይመጣል፣ እንዳይጣል" ብላችሁ ንገሯቸው። ያስገባችሁበትን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ፣ የአካውንቱን ኢሜይልና ፓስወርድ የሆነ ቦታ ጻፉት፣ እና የኮዱን ፎቶ "ላጣራልህ" ለሚል ለማንም አትላኩ።