የተቀዳ የጥንት ድምፅ ወይስ ተመስሎ የተሠራ?

ያለፈን ዘመን በጆሮ ለማጥናት ሁለት መንገዶች አሉ፦ በዘመኑ የተቀዳውን መስማት፣ አለዚያም ያልተቀዳውን በኮምፒውተር ማቀናበር።

ፈረንሳዊው ኤድዋርድ-ሊዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል እ.ኤ.አ. በ1860 ዘፈንን በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ በመስመር ቀረጸ። ዓላማው የድምፅን ቅርጽ በዓይን ማየት እንጂ መልሶ ማሰማት አልነበረም። በ2008 ተመራማሪዎች መስመሩን ወደ ድምፅ ሲመልሱት የሴት ልጅ መሰላቸው። በኋላ ፍጥነቱ እጥፍ እንደነበር ታወቀ፤ ሲያዘገዩት የወንድ ድምፅ ሆነ፣ ምናልባትም የራሱ የስኮት። ከዚህ የበለጠ የማዳመጥ ትምህርት አላውቅም፤ ጆሮ መሣሪያው ያቀረበለትን ያምናል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ሲሊንደር (ድምፅ ይቀረጽበት በነበረ የሰም ቱቦ) የላኩትን ድምፅ የሚያዳምጥ ሰውም በምን ፍጥነት እንደሚጫወት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛውን መንገድ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያሳያል። እንግሊዛዊው ገጣሚና ሰባኪ ጆን ደን በ1622 በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ለመስበክ ያዘጋጀው ስብከት ከነወፎቹና ከነደወሉ ተቀናብሯል። አድማጩ የሚቆምበትን ቦታና የሕዝቡን ብዛት ይመርጣል። ሰባኪው ሩቅ ላለው ሰው ይሰማ ነበርን? ይህን የትኛውም የጽሑፍ ሰነድ አይመልስም። ነገር ግን በዕለቱ አየሩ ስላልተመቸ ስብከቱ የተሰጠው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ የምንሰማው ሊሆን ይችል የነበረውን ነው።

ስለ ሰው ድምፅ የተቀዳውን፣ ስለ ቦታና ስለ ርቀት የተቀናበረውን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ግን የተቀዳው ይቅደም፤ ጭረቱና እንከኑ በግልጽ ስለሚሰማ መጠንቀቅን ያስተምራል። የተቀናበረው ጥራቱ ያዘናጋል።