ዚዮን ወይስ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር? አዳማ ላይ ለጌም የሚቀርቡ ኮምፒውተሮች ሲፈተሹ

አዳማ ላይ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ለሚፈልግ ሰው ዛሬ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንዱ ስላሽ የሚባለው፣ ውጭ አገር ቢሮ ያገለገለ ወርክስቴሽን ነው፤ በብዛት ኤችፒ ዜድ440 ወይም ዴል ፕሪሲዥን 5810፣ ውስጡ የሰርቨር ዘር የሆነው ኢንቴል ዚዮን ያለበት። ሌላው በአዲስ ዕቃ የሚገጣጠም ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ5-12400ኤፍ ወይም ራይዘን 5 5600። ሻጭ ዚዮኑን የሚያሞግሰው በኮር (ሥራውን በሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና በትሬድ (ኮሮቹ ጎን ለጎን በሚያስኬዷቸው የሥራ መስመሮች) ብዛት ነው፦ «14 ኮር፣ 28 ትሬድ፣ ያውም በዚህ ዋጋ!» ቁጥሩ እውነት ነው። ለጌም ግን የሚፈርደው ሌላ ቁጥር ነው፤ ከዚዮኖቹ መካከል እንኳ ለጌም የሚሻለው ኮሩ የሚያንሰው ነው።

ብዙ የሚሸጠውን ኢ5-2680 ቪ4ን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር ነው። 3.3 ጊጋኸርዝ የሚደርሰው አንድ ሁለት ኮር ብቻ ሲሠራ ነው፤ ሥራው ለሁሉም ሲከፋፈል ከ3 በታች ይወርዳል። ጌም ደግሞ ሥራውን እኩል አያከፋፍልም። እያንዳንዱን ምስል አዘጋጅቶ ለግራፊክስ ካርዱ የሚልከው በዋናነት አንድ ትሬድ ስለሆነ እሱ እስኪጨርስ የቀሩት ይጠብቃሉ። ሊጡን የሚያቦካው ሰው ከዘገየ፣ ምጣድ ዳር አሥር ሰው ቢቆም እንጀራው አይፈጥንም። ካውንተር ስትራይክ 2 ተከፍቶ ጨዋታው ሲቆራረጥ ታስክ ማናጀር ውስጥ ጠቅላላ የፕሮሰሰር አጠቃቀም ዝቅ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ግራፊክስ ካርዱን ይጠረጥርና ካርድ ለመቀየር ገንዘብ ያወጣል፤ ጨዋታው ግን እንደነበረው ይቀራል።

12400ኤፍ ያለው 6 ኮር እና 12 ትሬድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን 4.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ልዩነቱም ከ3.3 እስከ 4.4 ያለው ብቻ አይደለም። በ2022 የወጣ ኮር በአንድ ዑደት የሚሠራው ሥራ ከ2016ቱ በጣም ስለሚበልጥ፣ በእኩል ፍጥነት እንኳ ቢሮጡ አዲሱ ይቀድማል። «ዚዮኑ 35 ሜጋባይት ካሽ አለው» የሚል ክርክርም ይሰማል። ካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ማከማቻ፣ በ14ቱ ኮሮች መካከል ተበትኖ የተቀመጠ ስለሆነ ከሩቁ ክፍል መረጃ ማምጣት ጊዜ ይወስዳል። ራይዘን 5600 በ32 ሜጋባይቱ ጌም ላይ ጥሎት ይሄዳል።

በጀቱ ለአዲስ ዕቃ ካልበቃና ዚዮን መግዛት ግድ ከሆነ ኢ5-1650 ቪ3 ወይም ቪ4 ያለበትን ጠይቁ። ሁለቱም 6 ኮር ናቸው፤ ቪ3 3.8፣ ቪ4 ደግሞ 4.0 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ። በትክክለኛ ዋጋ ከተገኘና መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ከተገጠመለት በሰከንድ በ60 ፍሬም (ምስል) ለሚጫወት ሰው የሚያረካ ማሽን ነው፤ ይህን ሳንጠራጠር እንናገራለን። ቪ2 የሚል ግን አትንኩ። ኤቪኤክስ2 የሚባለው የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ስብስብ ስለሌለው አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ጭራሽ አይነሱለትም።

ዜድ440 ራሱ በደንብ የተሠራ ዕቃ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲነካካ ነው። ፓወር ሰፕላዩ የኤችፒ ብቻ የሆነ መሰኪያ ስላለው ሲቃጠል ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ እንዲሁ አይገባለትም። ጎኑ ላይ ያለውን ስቲከር አንብቡ፤ የሚፈለገው 700 ዋት ነው። ዴሉ ከ425 ዋት ጋርም ይመጣል፤ ለጌም ያ አይበቃም። ለግራፊክስ ካርድ የሚወጡት ገመዶች ባለ 6 ፒን ናቸው፤ አርኤክስ 6600ን የመሰለ ካርድ ባለ 8 ፒን ከጠየቀ ሁለቱን 6 ፒን ወደ አንድ 8 ፒን የሚያገናኝ ገመድ ተጠቀሙ። ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው መሰኪያ) የሚነሳውን አስማሚ ግን በፍጹም። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መሸከም የሚችለው 54 ዋት ገደማ ሲሆን ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል፤ ፕላስቲኩ የሚቀልጠው ለዚህ ነው።

ራሙ ላይ ያለውን ነጭ ወረቀት ጠጋ ብላችሁ እዩ። «ፒሲ4-2133ፒ» ካለ በኋላ የሚከተለው ፊደል አር ከሆነ ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ነው፤ ዩ ከሆነ ተራው ነው። ሬጅስተርዱ ርካሽ የሆነው የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ስለማይቀበለው ነው። ስለዚህ «በኋላ አዲስ ፒሲ ስሠራ ራሙን አወጣዋለሁ» ብሎ ማሰብ አይሠራም። ዚዮኑ ራሙን በአራት ቻናል (መስመር) ስለሚያነብ አንድ ባለ 16 ከመሰካት አራት ባለ 4 ጊጋ መሰካት ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ሥዕል የሚያሳየው ካርድ ብዙ ጊዜ ኳድሮ ኬ620 ነው። 2 ጊጋ ያለው የቢሮ ካርድ ስለሆነ በጌም ካርድነት ዋጋ ሊታሰብበት አይገባም። ኢ5 ዚዮን የራሱ ግራፊክስ የለውምና ካርዱ ሲወጣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። 12400ኤፍም እንደዚሁ ነው፤ ኤፍ የሌለው 12400 ግን አብሮ የተሠራ ግራፊክስ አለው።

ዊንዶውስ ላይ ዚዮኑ ይጎዳል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በዘዴ ይጫናል፤ ነገር ግን ቫሎራንት የሚባለው ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራ ጥበቃ) ካላገኘ አያጫውትም። ቫሎራንት ለሚጫወት ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ያለቀ ነው።

አዳማ ላይ ደግሞ የመብራትና የአቧራ ጉዳይ አለ። ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈው ዋት አይደለም፤ በዋት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ነው። ኢ5-1650 ቪ3 140 ዋት፣ አርኤክስ 6600 ደግሞ 132 ዋት ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ ፋኖቹና ስክሪኑ ሲጨመሩ ጠርዙ ላይ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ጌም ላይ 140ውን ሁልጊዜ ባይጨርስም፣ መብራት በሄደበት ቅጽበት ዩፒኤሱ አብሮ የሚጠፋው እንዲህ ሲጠብበት ነው። የ12400ኤፍ መደበኛ ፍጆታ 65 ዋት ስለሆነ በዚያው ዩፒኤስ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ጊዜ ይገኛል። የከተማው ዳር ተርባይኖችን የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ቤት ያስገባልና ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ በየሁለት ወሩም በብሎወር አጽዱ። ያገለገለ ማሽን ከተገዛ ተርማል ፔስቱ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ስለሚሆን በመጀመሪያው ቀን መቀየር አለበት።

አዲሱም ወጥመድ አለው። ከራይዘን 5600 አጠገብ 5500 ይሸጣል፤ ካሹ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ፒሲአይኢውም (የግራፊክስ ካርዱ መስመር) የቆየው 3.0 ነው። ዋጋቸው ከተቀራረበ 5500ን ተዉት። ቢ450 ማዘርቦርድ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ካልታደሰ 5600ን ላያስነሳ ይችላል፤ ሱቁ አድሶ ያስረክባችሁ። ለ12400ኤፍ የሚሆነው ኤች610 ማዘርቦርድ ብዙ ጊዜ ሁለት የራም ቦታ ብቻ ስላለው ከመጀመሪያው ሁለት ባለ 8 ጊጋ ግዙ። የራይዘን 5600 መሰኪያ የሆነው የኤኤም4 ትልቁ ጥቅም ወደፊት 96 ሜጋባይት ካሽ ያለውን ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ መቀበሉ ነው፤ ዜድ440 ግን ጌም ላይ ከ1650 ቪ4 ብዙም የሚርቅበት መንገድ የለውም።

የኮሩ ብዛት የሚጠቅመው ለቪዲዮ ኤዲተር፣ በብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራም) ለሚሠራ፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሳ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። 28 ትሬድና እስከ 128 ጊጋ ራም በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ አይገኝም። ቀን ሠርቶ ማታ የሚጫወት ሰው 2680ን ቢወስድ አንቃወምም።

ለዚዮኑ ከመክፈላችሁ በፊት ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም አስከፍቱና የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ ከዚያ የሜሞሪ ገጹ ላይ ኳድ (አራት ቻናል) ማለቱን አረጋግጡ። በዚያው ፕሮግራም ስትረስ ቴስቱን 20 ደቂቃ አስኬዱ፤ ፍጥነቱ ከመነሻው በታች ከወረደ ወይም ማሽኑ ከጠፋ ሙቀቱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ታሟል ማለት ነው። በመጨረሻ አጥፍታችሁ አስነሱት። ሲነሳ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ የፋን ስህተት ጽፎ ከቆመ ግን ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ፋኑ ተቀይሮ ነውና ኦሪጅናሉን ሳያመጡላችሁ አትክፈሉ።