ተለማማጆቻችንን ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚያመላልሱት ሾፌር የቀረበ ምስጋና

ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ አንዳንዴም የመኪና አካል እንሠራለን። ከባለሙያዎቹ ጎን ሁልጊዜ ጥቂት ተለማማጅ ወጣቶች አይጠፉም፤ አብዛኞቹም የደሴ ልጆች ናቸው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እነዚህን ወጣቶች በማለዳ አምጥተው ማታ ወደየቤታቸው የሚመልሱልንን የሚኒባስ ሾፌር በአደባባይ ለማመስገን ነው፤ ልጁን ለሙያ የሰጠ ቤተሰብም ሆነ ተለማማጅ የሚቀበል የሥራ ቤት ባለቤት አገልግሎታቸውን ቢያውቀው ይጠቀማል ብዬም አምናለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ አደራ ስላሉኝ፣ ወጣቶቹ እንደሚጠሯቸው ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለሰሚው ችግር የሚፈጥር አይመስልም። ተለማማጁ ግን በዚህች አጭር መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ኪሱ እንደሚገባ ያውቀዋል። ጠዋት ከሰፈሩ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ በሚኒባስ፣ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ እስከ ሥራ ቤቱ እንደገና በባጃጅ ይከፍላል፤ ማታም ይኸው ይደገማል። ማታው ደግሞ ከጠዋቱ ይብሳል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ውሎ ደሴ የሚያድረው ሠራተኛ እየበዛ ስለመጣ፣ የፋብሪካው ሰው በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ይጠፋል፤ የተገኘውም ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ደመወዝተኛው ከፍሎ ይሄዳል፤ ተለማማጁ ግን እስኪመሽ ቆሞ ይጠብቃል።

በዚህ ሾፌሮችን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሆን ካደረገ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ በኋላ፣ ነዳጁም ጎማውም መለዋወጫውም ዋጋው ተደጋግሞ ጨምሯል። እኛ የሥራ ቤት ባለቤቶችም ለተለማማጅ የምንከፍለው ጥቂት ነው። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ዕቃውን አጥቶ ከባዶ የተነሣ የሥራ ቤት በኮምቦልቻም በደሴም ብዙ ነው፤ ተለማማጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያመርተው ይልቅ የሚያባክነው ኤሌክትሮድና የሚያጣምመው ላሜራ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የምንሰጠው ገንዘብ የኪስ ያህል ነው፤ ከዚያችው ላይ ከግማሽ የሚበልጠው ለመንገድ ይሄዳል።

ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ። እጁ ለሙያው የተፈጠረ፣ ቱቦላሬ ሲቆርጥ ማዕዘኑን ሳይነግሩት የሚያስተካክል ልጅ ነበረን። ቀስ በቀስ ማርፈድ ጀመረ፤ ከዚያም ቀረ። ቤቱ ድረስ ሰው ልኬ ሳስጠይቅ፣ «የምታገኘው ለመኪና አልበቃ ካለ እኔ ምሳህን ከየት አምጥቼ ልቋጥርልህ?» ብላ እናቱ እንዳስቀረችው ሰማሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲቀር የሥራ ቤቱ ሰው ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሙያውን ትተው ከሄዱት መካከል ብዙዎቹን ያስቀራቸው የመኪና ሒሳብ መሆኑን እርግጠኛ ነኝ። ከኮሌጅ ለትብብር ስልጠና የሚላኩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምንም የማይከፈላቸው በመሆኑ የእነርሱ ሁኔታ ከዚህም የከፋ ነው።

ጋሼ ወደ እኛ የመጡት የመኪናቸውን የወንበር እግር ሊያስበይዱ ነበር። ሥራው እስኪያልቅ ተቀምጠው ሳለ ልጆቹ ስለ መኪና ወጪ ሲነጋገሩ ሰሙና፣ እርሳቸውም የሚያድሩት ደሴ መሆኑን፣ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ብዙ ጊዜ ተራ ሲጠብቁ እንደሚያረፍዱ ነገሩን። በዚያው ቀን የወር ኮንትራት ሐሳብ አቀረቡ። ከማኅበራቸው ጋር ተነጋግረው የጠዋቱና የማታው ጉዞ እንዲፈቀድላቸው ካደረጉ በኋላ ከእኛና በአቅራቢያችን ካሉ የእንጨትና የጋራዥ ሥራ ቤቶች ሠራተኞችን ሰብስበው ጀመሩ።

የስምምነቱ ዝርዝር ለሌላውም ስለሚጠቅም ልጻፈው። ባለሙያና ደመወዝተኛ ሙሉውን የወር ዋጋ ይከፍላል፤ ተለማማጅ የዚያን ግማሽ ይከፍላል። ክፍያው የሚፈጸመው ወሩ ካለቀ በኋላ፣ ልጁ ከሥራ ቤቱ ገንዘቡን በተቀበለ ማግሥት ነው፤ በእጅ ወይም በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ይህ የክፍያ ጊዜ ከዋጋው ቅናሽ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ተለማማጅ በየጠዋቱ የሚያወጣው ጥሬ ገንዘብ ስለሌለው ነው ብድር ውስጥ የሚገባው። ጋሼ በየሥራ ቤቱ በር ላይ ስለሚያወርዷቸውም የኮምቦልቻው ባጃጅ ወጪ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። ልጅ ታሞ ከሳምንት በላይ ከቀረ የቀረበትን ያህል ከሒሳቡ ይቀንሱለታል፤ ይህን እኔ ጠይቄያቸው አያውቅም፤ ከራሳቸው የመጣ ነው።

ዋጋውን በዚህ ያህል መቀነስ የቻሉበትን ምክንያት ጠይቄያቸው ነበር። መልሳቸው ግልጽ ነው፤ መኪናው ጠዋት ሲወርድም ማታ ሲወጣም ሙሉ መሆኑ ይታወቃል፤ ሰው ለመሙላት ሲጠብቁ የሚጠፋ ጊዜ የለም፤ የወሩ ገቢ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ጎማና ሰርቪስ በዕቅድ ይያዛል። በመካከል ያለውን ቀን በመደበኛው መስመር እንደማንኛውም ሾፌር ይሠሩበታል። የተለማማጆቹን ግማሽ ዋጋ የሚሸፍነው እንግዲህ ይህ የተረጋገጠ ገቢ ነው። ቢሆንም ሌላ ሾፌር በዚያው ወንበር ላይ ሙሉ ከፋይ ማስቀመጥ ይችል ስለነበር፣ ውሳኔውን የደግነት ውሳኔ ብዬ ከመጥራት አልቆጠብም።

ስለ አነዳዳቸው ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ልዩነቱን የምንወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። በክረምት ጭጋጉ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራቱ እንኳን በቅጡ አይታይም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ ቁልቁለቱን የሚለቅ ሾፌር አለ፤ ያን ጊዜ የመኪናው ክብደት ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል። ጋሼ ግን ሐረጎን ሁልጊዜ በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት ተይዘው ነው የሚወርዱት። ከወንበር በላይ አንድ ሰው አይጭኑም። ልጆቹ ጠዋት ተጨናንቀውና ተቆጥተው ሳይሆን አርፈው ስለሚደርሱ፣ ግራይንደርና ብየዳ በሚያስይዝ ሥራ ላይ ይህ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው የሙያው ሰው ያውቀዋል።

በረመዳን ደግሞ የማታውን ጉዞ ቀደም ያደርጉታል። ጾመኛው አዛን ሳይቀድመው ቤቱ ደርሶ ከቤተሰቡ ጋር እንዲያፈጥር ሲሉ ሥራ ቤቶቹን አስቀድመው ዞረው አነጋግረዋል፤ እኛም በዚያ ወር ሥራውን ማልደን ጀምረን ቀደም ብለን እንዘጋለን። የሌላው እምነት ተከታይ ተሳፋሪም በደስታ አብሮ ተስማምቷል፤ በዐቢይ ጾምና በበዓላት ዋዜማም እንዲሁ ይመካከራሉ። የልጆቹ እናቶች ምርቃትና ዱዓ እርሳቸው ዘንድ በየጊዜው እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ከእኛ ሥራ ቤት በኩል የተገኘውን ለውጥ በአጭሩ ለመናገር፣ ሥራ የሚከፋፈለው ጠዋት ነው፤ ልኬት ተወስዶ፣ ብረቱ ምልክት ተደርጎበት፣ ማን ምን እንደሚቆርጥ የሚወሰነው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ያልነበረ ተለማማጅ ቀኑን ሙሉ ሲያቀብልና ሲጠርግ ይውላል እንጂ ሙያ አይቀስምም። አሁን ሁሉም በሰዓቱ ስለሚገኙ ንድፍ ማንበብና ልኬት መውሰድ ቀድመው ለምደዋል፤ በመኪና ወጪ ምክንያት ያቋረጠም ልጅ የለም።

ለሥራ ቤት ባለቤቶች አንድ ነገር ላሳስብ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲደረግ፣ በልምምዱ ጊዜ የሚከፈለውም ገንዘብ በውሉ ላይ እንዲገለጽ ያዛል። ውሉን ስንጽፍ የመጓጓዣውን ጉዳይ አብረን ብናሰፍር፣ ማለትም የወሩን ኮንትራት የሥራ ቤቱ በሙሉ ወይም በከፊል ቢሸፍን፣ ልጁም ቤተሰቡም ከመጀመሪያው ሒሳባቸውን ያውቃሉ። እኔ ከተለማማጆቹ ድርሻ ግማሹን መሸፈን ጀምሬያለሁ፤ አቅም ያለው ሙሉውን ቢችል እሰየው።

በጋሼ መኪና ላይ ቦታ የሚፈልግ ተለማማጅ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኮምቦልቻ ሠራተኞች የሚሳፈሩበትን ሚኒባስ ጠይቆ ረዳቱን ያናግር። ከሚሠራበት ቤት ተለማማጅ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ቢሄድ በግማሽ ዋጋው ለመመዝገብ ይረዳዋል። የቀጣዩ ወር ስም ዝርዝር የሚዘጋው ወሩ ከማለቁ በፊት ባለው ሳምንት ስለሆነ፣ ቀኑ ሳያልፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦታው ከሞላም ከአንድ ሰፈር የሚነሱ ልጆች ተሰባስበው ከመጡ፣ በዚሁ ስምምነት ሊጭናቸው ፈቃደኛ የሆነ ሌላ ሾፌር ከማኅበራቸው እንደሚያገናኟቸው ጋሼ ነግረውኛል።