ደብረ ብርሃን ላላችሁ፣ በተለይ ለሚያዞራችሁ

ውለታ ከብዶኝ ነው ይህን የምጽፈው። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር አለች። ስሟን ሳላስፈቅድ አላወጣም። የፈለገ ሰው ኢንቦክስ ይጠይቀኝ፣ በደስታ እነግረዋለሁ።

እኔ ያዞረኛል። ሱቅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ሳሙና ላወርድ ቀና ስል መሬቱ ይከዳኛል። ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቁጭ ብዬ ብር ስቆጥር፣ የጭነት አይሱዙ ላይ እንደተሳፈረ ሰው ያወዛውዘኛል።

ያላሉኝ የለም። አንዱ ጋ ታይፎይድና ታይፈስ፣ ሌላው ጋ ደም ማነስ፣ ከዚያ ጨጓራ፣ ከዚያ ግፊት፣ ከዚያ ሳይነስ። ሁሉም መድኃኒት ያዛል፣ ሁሉም "ካልተሻለሽ ተመለሺ" ይላል። ስመለስ የማገኘው ሌላ ሰው ነው፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። አንድ ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ገና ቁጭ ሳልል ሐኪሙ ስልኩን እያየ "ጭንቀት ነው፣ አታስቢ" አለኝ። አታስቢ! እኔ ካላሰብኩ ሱቁን ማን ሊከፍትልኝ ነው? ለካርድ የከፈልኩት ብር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዘመድ በበኩሉ ዓይን ነው ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ደግሞ ከፍታው ነው አለኝ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እውነት ነው። ግን እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ከፍታው ዛሬ ነው እንዴ የታወቀኝ?

ጤና ጣቢያው የሄድኩት የልጅ ልጄን ላስከትብ ነበር። ሲስተሯ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም አየችኝና "እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?" አለች። ነገርኳት። "የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘው ነገ ይምጡልኝ" አለችኝ።

በማግስቱ በፌስታል ሞልቼ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እያንዳንዱን ካርቶን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ደቃቁን ጽሑፍ አነበበች። ከመሃል ሁለቱን ለይታ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

"ሁለቱንም ነው የሚውጡት?"

"አዎ፣ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ።"

"አንድ ናቸው እኮ እትዬ። የካርቶኑ ስም ነው የተለያየው።"

የግፊት መድኃኒት ነው። አንዱን አንድ ቦታ፣ ሌላውን ሌላ ቦታ ጽፈውልኝ እጥፍ ስውጥ ኖሬያለሁ። ያን ሁሉ ደጅ ስጠና አንድ ሰው ፌስታሌን ከፍቶ አላየም!

ከዚያ አስተኝታ ግፊቴን ለካችኝ፣ አስነስታ ደግሞ ለካችኝ። ቁጥሩ አልገባኝም። ቆሜ ስትለካኝ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። በራሷም ብቻ አልወሰነችም፣ እጄን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ አስገባችኝ። ጥያቄዎቿስ! አልጋ ላይ ሲገላበጡ ነው ወይስ ሲነሱ? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ጆሮዎ ይጮሃል? በጾም ወቅት ውሃ የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው? ታይፎይድ ነው የተባልኩበትን ወረቀት ሳሳያት፣ ያ ምርመራ ድሮ ይዞ የለቀቀንም ሊያሳይ እንደሚችል ነገረችኝ። ሸንኮራ ዮሐንስ እንደተጠመቅሁም ነግሬያታለሁ። "ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን ሳይነግሩን አይተዉ" ነው ያለችኝ።

ድኛለሁ አልልም። ሐኪሙ አንዱን ካስቀረልኝ ወዲህ የጠዋቱ ቀሎልኛል። ተቀምጬ የሚያወዛውዘኝ ግን አለ። ሲስተሯም አላታለለችኝም። "ይሄኛው ከምን እንደመጣ አናውቅም፣ የሚያውቅ ጋ እንልክዎታለን" አለችኝ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ለጆሮ ሐኪም ሪፈር ጻፈልኝ። እሷ ደግሞ የተባልኩትንና የዋጥኩትን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አሰፈረችልኝ፣ እዚያ ደርሼ ከሀ እንዳልጀምር። ቀጠሮዬን እየጠበቅሁ ነው። ወረቀቱን ከመታወቂያዬ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ሲስተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የሚያዞራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ሂዱላት። ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም ቢሆን ድካሙ አይቆጫችሁም። መድኃኒታችሁን ከነካርቶኑ ያዙ፣ የጨረሳችሁትንም ጭምር። በገበያ ቀን ወረፋው ስለሚበዛ በሌላ ቀን በጠዋት ድረሱ።