ሴንሰር ያለው ጎማ ለምትነዱ፦ የገርጂውን ጎሚስታ ላመስግንላችሁ

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ስለ ጎማ ያላወራሁት ሰው የለም፤ ቤተሰቤ ሰልችቶታልና ቀሪውን ለእናንተ ልጻፈው። ሴንሰር የምላችሁ ጎማው ውስጥ ተቀምጣ የአየሩን ግፊት እየለካች ለመኪናው የምትነግረውን ትንሽ ዕቃ ነው።

ከአንድ ወር በፊት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ መሃሏ ቃለ አጋኖ ያላት ብጫ ምልክት በራች። (መጀመሪያ ያየኋት ቀን ድስት መስላኝ ነበር፣ ሞተሩ ፈላ ብዬ ደንግጬ ነበር። መኪናው ኤሌክትሪክ ነው፤ ምን ሊፈላ!) ወርጄ ሳይ የኋላ ግራው ጎማ ሚስማር ይዟል። ቅርብ ያገኘሁት ጎሚስታ ጋ ገባሁ። ልጁ ቀልጣፋ ነው፤ ነቀለ፣ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ፣ ለጠፈ፣ ነፋ፣ "ጨርሻለሁ" አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

መብራቷ ግን አልጠፋችም። ጭራሽ ጠባይ ቀየረች። መኪናውን ባስነሳሁ ቁጥር አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና ከዚያ በርታ ትቀራለች። ስክሪኑ ላይ ሦስቱ ጎማዎች ቁጥር ያሳያሉ፤ የኋላ ግራው ሰረዝ ብቻ። ተመልሼ ስጠይቀው "የቻይና መኪና እንዲህ ነው እህቴ፣ ችላ በያት" አለኝ። እኔም ሞኟ አንድ ሳምንት ሙሉ ችላ አልኳት።

ገርጂ ያሉትን ጋሼን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ "ስልክ ሳነሳ እጄ ሥራ ይፈታል" ነው ያሉት። መኪናውን ሳይነኩ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ሴንሰር አለው? መብራቱ ዝም ብሎ ነው የሚበራው ወይስ መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ይላል? የጎማ ፈሳሽ ጨምረሽበታል?"

ለካ ልዩነት አለው። ዝም ብሎ ከበራ አየር ጎድሏል ማለት ነው። ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ ከቀረ ግን የታመመው ጎማው ሳይሆን መለኪያው ራሱ ነው። ፈሳሹን የጠየቁኝ ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ መኪና ስኮርት ጎማ ስለሌለው ነው፤ በምትኩ ትንሽ ኮምፕሬሰርና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይሰጡናል። ፈሳሹ የሴንሰሯን ቀዳዳ ሊደፍናት ስለሚችል፣ የተጠቀመ ሰው ለጎሚስታው ቀድሞ ይንገር፣ ከውስጥ ታጥቦ ይጸዳል።

ግድግዳቸው ላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ጥቁር የፕላስቲክ ሴንሰር በሽቦ ተንጠልጥላለች። አውርደው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አንገቷ ላይ ተሰብራለች።

"ይቺን የሰበርኳት እኔ ነኝ" አሉኝ። "የሰው መኪና ነበር። ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። አዲስ ረዳት ስቀጥር መጀመሪያ ይቺን ነው የማስይዘው።"

በእውነት እዚህ ላይ ነው ልቤ የተረታላቸው። ጥፋቱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ሥራውን ቆሜ አየሁት። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ክሪኩን ያገኙት ቦታ አልደገኑበትም፤ ጎንበስ ብለው ከበሩ ሥር ያለውን ምልክት ፈለጉ፣ ጎማ ደርበው ከዚያ አነሱ። ከዚያ በጠመኔ ከቫልቮላው አጠገብ ቸርኬው ላይ መስመር አሰመሩ። ሴንሰሯ የምትቀመጠው እዚያው ቫልቮላው ሥር ከውስጥ ነዋ! ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው የማሽኑ ክንድ እሷ ላይ ካረፈ አለቀላት፤ ስለዚህ ክንዱን ከመስመሩ ትይዩ በሌላኛው ወገን ያሳርፉታል። የመጀመሪያው ልጅ ይህን አላደረገም። ጋሼ ጎማውን ሲያወዛውዙት ውስጡ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ሲከፍቱት የኔዋ ሴንሰር ለሁለት ተከፍላ ወጣች።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን "እኔ አለኝ" ብሎ ያገኘውን ይገጥምልኝ ነበር። እሳቸው ግን ስባሪው ላይ ያለውን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አስነሱኝ። ለቻይናና ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መኪና ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ በ433 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው ከመኪናው ጋር የሚያወራው፤ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ አብዛኛው በ315። ካልገጠመ መኪናው አይሰማውም። "ገዝተሽ ነይ፣ እኔ እገጥመዋለሁ። ከመኪናው ጋር የሚያስተዋውቀው ማሽን ግን የለኝም፣ አልዋሽሽም" ብለው ማሽኑ ያለበትን ሱቅ ጠቆሙኝ። እንዳሉትም ሆነ። ያስከፈሉኝ የጎማ መፍታትና መግጠሚያ ብቻ ነው። ባትሪዋ ውስጧ የታሸገ ስለሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይታ ስታልቅ እንዳለ ነው የምትቀየረው፤ መኪናችሁ ካረጀ ሰበረብኝ ብላችሁ ጎሚስታ አትክሰሱ።

ሳምንት ቆይቼ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። ጠዋት በሳቸው መለኪያ 36 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሞሉት ጎማ ስክሪኑ ላይ 32 ይላል። "ጋሼ፣ ጨምሩልኝ" አልኳቸው። እምቢ አሉ። በሌላ መለኪያ ደግመው ለኩት፣ ያው 36 ነው። "አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት ልጄ፤ መኪናሽ ባሕር ዳርቻ ያለ መስሎት ነው የሚቆጥረው።" ቤት ገብቼ ሳሰላው ልክ ናቸው። ሴንሰሯ የምትለካው የአየሩን ጠቅላላ ግፊት ነው፤ አንዳንድ መኪና ከዚያ ላይ የሚቀንሰው በባሕር ጠለል ያለውን የውጭ አየር ነው። እኛ ጋ የውጩ አየር ከዚያ በ3.5 ፒኤስአይ ገደማ ያንሳል፤ ቁጥሩም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን ሳያውቅ ስክሪኑን እያየ ጎማውን ከልክ በላይ የሚያስነፋ ስንቱ ይሆን? ለዚህኛው ምክር ሳንቲም አልተቀበሉኝም፣ ቡና እንኳን በግድ ነው።

አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኛል፦ መብራቷ እስክትበራ አትጠብቂ። የቻይናም የአሜሪካም ደንብ መብራቷ እንድትበራ የሚያስገድደው ግፊቱ ከሚገባው ሩብ ያህል ሲጎድል ነው፤ 36 መሆን ያለበት 27 እስኪደርስ ዝም ልትል ትችላለች ማለት ነው። የሾፌሩ በር ጋ የተለጠፈውን የጎማ ግፊት ልክ አይታችሁ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱን የሞሉት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በየአዲሱ አውቶሞቢል ላይ ይህን ማስጠንቀቂያ ግዴታ አድርጋለች። ሌላ ጎሚስታ ጋ ብትሄዱም ማሽኑ ሳይነሳ "ሴንሰር አለው፣ ቫልቮላው ጋ እንዳትጫነው" በሉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። የልጅ ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ ነው።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሳቸውን ጠይቄ እመራችኋለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የሚከፍቱት፣ ጠዋት ሄዳችሁ እንዳትጉላሉ። የኔዋ ስባሪም አሁን ሚስማሩ ላይ አለች፣ ስትሄዱ ሰላም በሉልኝ።